ተወዳጁ መጓጓዣ ለምን ለዘለቄታው ይዘጋል? ከአሮጌው የምድር ባቡር የምንማረው



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሕዝብ የሚወደው፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር የተሳፈረበት አሮጌ መጓጓዣ ለምን ለዘለቄታው ይዘጋል? በውጭ አገር የመዝናኛ መናፈሻዎች የአንድ አሮጌ የመዝናኛ ባቡር መዘጋት በተነገረ ቁጥር ሰው በመጨረሻው ቀን ይሰለፋል፤ «ይህን ያህል ከወደድነው ለምን ይዘጋል?» እያለም ያዝናል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ እንዲህ ያለ የመዝናኛ ባቡር የለንም። ጥያቄው ግን የእኛም ነው፤ አገራችን ለመቶ ዓመት ገደማ ያገለገለ የምድር ባቡር ነበራትና። በንግግሬ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከባቡሩ በፊት ከደጃችን ያለውን አንድ መሣሪያ እንመልከት። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ የሚያርስባቸው ሞፈርና ቀንበር እጅግ ጥንታውያን ናቸው፤ ነገር ግን እርጅና ከሥራ አላስወጣቸውም። ሞፈሩ ቢሰበር ገበሬው እንጨት ቆርጦና ጠርቦ ይተካዋል፤ ማረሻው ቢዶለዱም ብረት ቀጥቃጩ በእሳት አግሎ ያሾለዋል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ከዚህ ይነሣል። አንድን መሣሪያ ዕድሜ ብቻውን አይገድለውም፤ የሚገድለው መለዋወጫው የሚገኝበት መንገድና ጥገናውን የሚያውቀው እጅ ሲቋረጡ ነው።

ስለ ብረት ጠባይም ጥቂት ልበል። ብረት የሚሰበረው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ብቻ አይደለም። ሊሸከመው በሚችለው ክብደት እንኳ እልፍ ጊዜ ሲጫንና ሲራገፍ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጃል፤ ስንጥቁም ቀስ በቀስ ያድጋል። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል። ስለዚህ ትናንት ያለ እንከን የሄደ ፉርጎ ነገም ይሄዳል ማለት አይቻልም። መሣሪያው ባረጀ መጠን ምርመራው ይበዛል፤ ወጪውም አብሮ ይጨምራል።

አሁን ወደ ባቡሩ እንሂድ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለሥራው ፈቃድ የሰጡት በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ይህ ባቡር ነው። የአዲስ አበባም ሰው «ላ ጋር» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል «ለገሃር» ብሎ የራሱ አድርጎታል። ድሬዳዋ ላይ የራሱ የጥገና ወርክሾፕና ሙያቸውን የሚያውቁ ሠራተኞች ነበሩት። በዚህ ረገድ ሞፈርን ይመስላል፤ ጠጋኙ ከጎኑ ነበር። ሐዲዱና ሎኮሞቲቩ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጡ ነበሩ።

ታዲያ ለምን ቆመ? ሦስት ምክንያቶችን ለይተን እንመልከት።

አንደኛው ገቢ ነው። ተሳፋሪው ቢበዛም ቢያንስም ሐዲዱ፣ ድልድዩና ጣቢያው መጠበቅ አለባቸው። ለዚህ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት ጭነት ያስፈልጋል። የአሰብ ወደብና ወደዚያ የሚወስደው የመኪና መንገድ ደግሞ ጭነቱን ተሻሙት። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህ ለባቡሩ ታላቅ ዕድል በሆነ ነበር፤ የደከመው ባቡር ግን ሊሸከመው አልቻለም፤ አብዛኛው ጭነት በከባድ መኪና ተጓጓዘ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጥገናው የዘገየበት መሣሪያ ዕድል ሲመጣም አይነሣም።

ሁለተኛው ጉዳት ነው። በ1977 እና 1978 በኦጋዴን ጦርነት መሥመሩ ተመታ፤ ድልድዮች ፈረሱ፤ አገልግሎቱም ተቋረጠ። ተጠግኖ ቢቀጥልም፣ አስቀድሞ በደከመ አካል ላይ የወረደ በሽታ ነበር።

ሦስተኛው ደኅንነት ነው። በጥር 1985 አዋሽ አካባቢ አንድ የመንገደኞች ባቡር በኩርባ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህን አደጋ በእርጅና ማሳበብ አይቻልም፤ የመሣሪያ ደኅንነት በሚያሽከረክረው ሰው ጥንቃቄም እንደሚወሰን ግን ያስረዳል። ደኅንነቱን ማረጋገጥ ያልተቻለ መጓጓዣ ምንም ቢወደድ መዘጋቱ ተገቢ ነው። ፍቅር ለሕይወት ዋስትና አይሆንም።

ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት ከ2008 ገደማ ጀምሮ ቆመ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው እድሳትም ከዳር አልደረሰም። የዘለቄታ መዘጋት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ለጊዜው ተቋርጧል» ተብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ማሽን ተፈትቶ ለሌላው ይገጠማል፤ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ጡረታ ይወጣሉ፤ የሚተካቸው ወጣት አይሠለጥንም። መሣሪያውን እንደገና የማስነሣት ወጪ አዲስ ከመግዛት ሲበልጥ፣ ማንም ሳያውጅ መዘጋቱ የዘለቄታ ይሆናል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሮጌው 1,000 ነበር። ስለዚህ የአሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ሊሄድ አይችልም። አዲሱ ጣቢያም እንደ ለገሃር በከተማው እምብርት ሳይሆን ከመሐል ከተማ ርቆ ተሠራ። አቅምና ፍጥነት ተገኘ፤ ከጣቢያ እስከ ሰፈር በእግር መድረስ ግን ቀረ።

መዘጋት የማይቀር ዕጣ ነውን? አይደለም። በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ሳይክሎን የተባለው የመዝናኛ ባቡር ከ1927 ጀምሮ አለ። ሐዲዱ የተዘረጋው በእንጨት ላይ ስለሆነ የተጎዳው ክፍል እየተነቀለ በአዲስ ይተካል፤ በ1988ም የከተማዋ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በዚያው ሠፈር በ1925 የተሠራው ተንደርቦልት ግን በ1982 ተዘጋ፤ በ2000ም ፈረሰ። ሁለቱም የአንድ ዘመን ሥራዎች፣ ሁለቱም የሚወደዱ ነበሩ። አንደኛው በየጊዜው የሚጠግነው እጅና የሚጠብቀው ሕግ አገኘ፤ ሌላው ቆሞ ቀረ።

ይህ ሁሉ እኛን በቅርብ ይነካናል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የፈረስ ጋሪ ቦታውን ለባጃጅ ሲለቅ እያየን ነው። ባጃጁ ይፈጥናል፤ መንገደኛው ቢመርጠው አያስወቅሰውም። ነገር ግን የጋሪው አናጺ ጎረቤታችን ነበር፤ የባጃጁ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ቡሬ ደግሞ በአገሪቱ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ አራት የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች የአንዱ መገኛ ናት። ወደዚያ የሚገባ ማሽን ሁሉ የሚመረቅበት ቀን አለው፤ የሚበላሽበትም ቀን አለው። በዚያ ቀን መፍቻ ይዞ የሚቀርበው ማን ነው? የአካባቢው ወጣት ካልሆነ፣ የድሬዳዋው ታሪክ በአጭር ዕድሜ ይደገማል።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ሲመጣም ሆነ አሮጌው ሊዘጋ ሲል ሦስት ጥያቄዎችን እንድትጠይቁ አሳስባለሁ። ከመለዋወጫው ውስጥ የትኛው እዚሁ ሊሠራ ይችላል? ጥገናውን የሚያውቁት እነማን ናቸው፤ ከማንስ ጋር እየሠሩ ያስተምራሉ? ገቢው ባነሰበት ዓመት የጥገናውን ወጪ የሚሸከመው ማን ነው? የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ ብትጀምሩ መልካም ነው። ወደ ጋራዡ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ሂዱ፤ ሽማግሌው ባለሙያ የሚያውቀውን እርሱ ሳለ ጻፉ።

 አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።