ቆጠራ

ይህን የምነግራችሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ተነሥታችሁ፣ እርሳስና ካርቶን በብብታችሁ ይዛችሁ፣ ለሥዕል ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና በደጀን በኩል ዓባይን የምትሻገሩ ልጆች በተለይ ጠጋ በሉ። እኔም በዚያው መንገድ የሄድኩ የቢቸና ልጅ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ሲሰቅሉ ከሚገመግሙት ሰዎች መካከል እቀመጣለሁ። በዚያ ግምገማ፣ ጁሪ በሚባለው ቀን፣ ተማሪው ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ ምን እንደሚባል የሚነግረው የለም።

የሚባለው ይህ ነው። ሦስት አራት መምህራን ከሥዕሉ ፊት እንቆማለን። ለጊዜው ማንም አይተነፍስም። ከዚያ አንዳችን ቀስ ብለን፣ "ይቺን የት ነው የማውቃት?" እንላለን። ግማሽ ፊቷ የአፍሪካ ካርታ የሆነች ሴት። ከጀበናው የሚወጣው እንፋሎት ሹሩባ ሲሆን። ዓይን፣ በብሌኑ ውስጥ የላሊበላ መስቀል። ሠዓሊዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ አንዱ የአምና ተመራቂ ነው፣ አንዱ የዘንድሮ። ሁሉም የቀዱት ግን ከአንድ ምንጭ ነው፤ ፒንተረስትም ሆነ ኢንስታግራም ለአንዱ ያሳየውን ለሌላውም ያሳየዋል።

አሁን የጓዳውን ነገር ልንገራችሁ። ተማሪውን የሚጥለው ከሰው መውሰዱ አይደለም። ያልወሰደ ሠዓሊ አይተን አናውቅም። ስለዚህ ከተሰቀለው ሥዕል ቀድመን የምናነሣው የረቂቅ ደብተሩን ነው። ደብተሩ ውስጥ ያ የተወሰደው ነገር ሃያ ጊዜ ተነድፎ፣ ተሰርዞ፣ ተገልብጦ፣ እጁ ረዝሞና አጥሮ ካገኘነው ልባችን ይረጋጋል። ደብተሩ ባዶ ሆኖ ሥዕሉ ብቻ ካማረ ግን ጥያቄ እንጀምራለን፤ ጥያቄውም ቀላል ነው፤ "ይህ መስመር ለምን እዚህ ላይ ቆመ?" በገዛ እጁ የታገለ ልጅ አፉ ቢንተባተብም መልስ አያጣም።

እኔ አጥቻለሁ። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ የአንድ የውጭ አገር ሠዓሊ ሥራ ከስልክ ላይ አየሁና ሴትየዋን ከነአቀማመጧ አመጣኋት። ካፖርቷን አውልቄ ነጠላ አለበስኳት፤ ሰማዩን ቀየርኩ፤ ከኋላዋ ጎጆ ቤት አቆምኩ። መምህሬ በርጩማ ስቦ ከፊቷ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ "ነጠላው የማን ነው?" አለኝ።

"የኛ።"

"ትከሻውስ?"

ያኔ ነው ያየሁት። ነጠላው ትከሻዋ ላይ አልወደቀም፤ ተለጥፏል። ከሥሩ ያለው ትከሻ ለወፍራም ካፖርት የተሳለ፣ የተወጠረ ትከሻ ነበር። ነጠላ ደግሞ በቀጭን ጨርቅ ልማድ ወደ ክንድ ይንሸራተታል፣ ጥለቱም አብሮት ይታጠፋል። ልብሱን ቀየርኩ እንጂ ገላውን አላወቅኩትም። መምህሬ አልተቆጣም። "ክረምቱን አገርህ ስትገባ የሰው ሥራ ገልብጠህ ና። አሁን እንዳደረግከው በግማሽ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ገልብጥ" አለኝ።

እንደታዘዝኩት ቢቸና አካባቢ ካሉት ክብ ቤተ ክርስቲያኖች በአንዱ ውስጥ ተቀመጥኩ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች የሚያድሱ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። ፈቃድ ጠይቄ ምስለ ፍቅር ወልዳን፣ ልጇን የታቀፈችውን እመቤታችንን፣ መንደፍ ጀመርኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ እጇ አስቸገረኝ። ሁለቱ እጆቿ ተደራርበዋል፤ ከቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ በግራ እጇ ደግሞ የታጠፈች ነጭ ጨርቅ ይዛለች።

"አባ፣ ይቺ ጨርቅ ምንድን ናት?"

"መሐረቧ ናት ልጄ።"

"ለምን ያዘችው?"

"መምህሬ እንዲህ ሣሉት። የሳቸውም መምህር እንዲህ ሥለዋል። እኔ ከየት አመጥቼ አስጥላታለሁ?"

የጨርቋን መንገድ ያወቅኩት ቆይቶ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሮም ውስጥ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ያለች ጥንታዊ ሥዕል አለች። ኢየሱሳውያን ከ1569 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያስገለበጡ በየአገሩ ይልኳት ነበር፤ ወደ 1600 እ.ኤ.አ. ገደማ እኛም አገር ደረሰች። በዚያች ሥዕል ላይ እጆቹ እንዲሁ ተደራርበዋል፣ ጨርቋም አለች፤ በሮማ ዘመን የከበሩ ሰዎች የሚይዙት የማዕረግ መሐረብ ነበረ። የኛ ሠዓሊዎች እጆቹን ወሰዱ፣ መሐረቧንም ሳይጥሉ ወሰዱ። ከዚያ የራሳቸውን አመጡ፤ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው በግራና በቀኝ አቆሙላት፣ ክንፋቸውን እንደ ጥላ ዘረጉላት። ዓይኖቹ ትልልቅ ሆኑ፤ ልብሱ አበባ አወጣ። ዛሬ ያቺን ሥዕል የፈረንጅ ናት የሚል ጎጃሜ ብትፈልጉ አታገኙም፤ እውነቱንም ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ የሮሟን ሥዕል ቅዱስ ሉቃስ ሳላት ይባላል፤ ከቢቸና አልፋችሁ ወደ ሞጣ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ የምታገኟት ደብረ ወርቅ ማርያምም ሉቃስ የሳላት ናት ተብላ የምትታመን ሥዕል አላት። በሁለቱም ቦታ ሰው ለሚያከብራት ሥዕል ቀዳሚ እጅ ይፈልግላታል።

የወንጌል ሥዕሎችም ታሪክ እንዲሁ ነው። ሮም ውስጥ በ1590 እና በ1591 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የአንቶኒዮ ቴምፔስታ ሥዕሎች ያሉበት የዓረብኛ ወንጌል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ለብራና መጽሐፎቻቸው ከሱ ቀዱ። ቴምፔስታ በጥቁር መስመር ብቻ ያተመውን እነሱ በቀይና በቢጫ ሞሉት፤ ሰዎቹን የኛን አገር ፊት ሰጧቸው። ቀድተዋል፤ ማንም አልሸሸገውም።

ያን ሰሞን አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዓይኔ ሲደክመኝ ወደ ግቢው ዛፎች ወጣሁ። ከወይራ ሥር አንድ ደበሎ የለበሰ ልጅ ፊቱን ሸፍኖ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የታመመ መስሎኝ ነካሁት።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም አልሆንኩ ጋሼ። እየቆጠርኩ ነው።"

የቅኔ ተማሪ ነበር። ቢቸናና ዲማ፣ ደብረ ወርቅና ሞጣ የቅኔ አገር መሆናቸውን እያወቅኩ አደግሁ እንጂ እንዲህ ቀርቤ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ሲጽፉ ታሪኩን ዲማ ላይ ያስቀመጡት ይህን አፈር ስለሚያውቁት ነው። ልጁም ነገረኝ። ቀን ለብቻ ሆኖ መቁጠር፣ ማታ ለየኔታ መንገር። ቆጠራና ነገራ። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ።

"የሌላ ሰው ቅኔ ወስደህ ብትነግራቸውስ?" አልኩት።

እንደ ተሳደብኩ አየኝ። "የኔታ ያውቁታል እኮ! የማን እንደሆነ፣ በየትኛው በዓል እንደተባለ ጭምር ይነግሩኛል።"

"አንተስ የሰው ቅኔ በቃልህ ታውቃለህ?"

"እንዴ! ሳላውቅ እንዴት እቆጥራለሁ? ያልሰማሁትን ብደግመውስ?"

ይህን መልስ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተለየሁትም። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ አይደገምም፤ ሕጉ ይህ ነው። ልጁ ግን ከሰው ቅኔ አልሸሸም። እንዲያውም የሰውን ቅኔ ሁሉ ሰምቶ፣ ሰሙን ከወርቁ ፈልቅቆ፣ በቃሉ ይዞ፣ የተባለው ሁሉ ውስጡ ስለሞላ ነው ያልተባለውን የሚለየው። "ከሰው ተጽዕኖ እንዳይኖርብኝ የማንንም ሥራ አላይም" የሚል ተማሪ በየዓመቱ ይገጥመኛል። ክፋት የለበትም፤ ግን እንዲህ የሚለው ነው ሳያውቀው የሚደግመው።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ነገር ተሸክሞታል። ቅኔን ወዲያው መቀኘት "ዘረፋ" ይባላል፤ ባለቅኔው ይዘርፋል፣ አድማጩም ሲረካ "ይበል!" ይላል። "ሰምና ወርቅ"ም ቢሆን ባለቅኔዎች ከአንጥረኛ የተዋሱት ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ያበጃል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በባዶው ቦታ ይገባል። የቅኔ ሊቃውንት ያንን ምድጃ ባያዩ ኖሮ ለሙያቸው ትልቁን ስም አያገኙም ነበር። እንግዲህ የጎጃም ልጅ ሁለት ትምህርት ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ አለው፤ ግድግዳው ላይ እስከ መሐረቧ ድረስ ሳይጥሉ መገልበጥን የሚያስተምረው አለ፣ ወይራው ሥር ደግሞ የተባለውን አለመድገምን የሚያስተምረው። የሥዕል ተማሪ ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ ሁለተኛው ካልተሻገረ ችግር ነው፤ ከሁለተኛው ልጀምር ቢልም አይሆንለትም።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት፣ ዛሬ በስማቸው በሚጠራው ትምህርት ቤት ያለፉት ታላላቆች በዚህ መንገድ ሄደዋል። እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ ሳለ የፓውል ክሌን፣ የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን፣ የቺሊያዊውን የሮቤርቶ ማታን ሥራዎች አጥንቷል። በነዚያ ሰዎች በኩል አልፎ ዞሮ የገባው ግን ደብተራ በሚጽፈው የጠልሰም ጥቅልል ውስጥ ነው። ያ ጥቅልል በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚሠራ ብራና ነው፤ ዓይኖች ከላይ እስከ ታች ይመለከቷችኋል። እስክንድር ከ1966 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ዘሪሁን መምህሩ የቆመበት ላይ አልቆመም፤ የጥቅልሉን ቁመት ወስዶ በቀርከሃ ፍልጦች ላይ ሣለ። በ1992 እ.ኤ.አ. በዳካር ቢየናሌ ተሸለመ። አንድ ጥቅልል ነው፤ ሁለት ሰዎች ወሰዱት፤ ሥራዎቻቸው ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ግን ማንም አያምታታቸውም።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ "የፈረንጅ ነው" ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። ወቀሳው ተገቢ አልነበረም ባይ ነኝ። ከጀርመኖቹ የቀሰመውን መስመርና ቀለም አማርኛ ግጥም በሚጽፍበት እጁ ነው የሣለው።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልበል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጠበትን ሥራ ነው። የግራፊክስ ተማሪዎች ይህን በደንብ እወቁት፤ የሰውን አርማ ቀለሙን ቀይሮ ለደንበኛ መስጠት ከትምህርት ቤት ስትወጡ ዋጋ ያስከፍላል። የጁሪ ቀን ግን ከአዋጁ ይልቅ የምንፈራላችሁ ሌላ ነገር ነው፤ እጃችሁ ሳይማር መመረቁን።

ስለዚህ ሹክ የምላችሁ ይህ ነው። ስትመጡ የወሰዳችሁበትን ሥራ አትደብቁ፤ ከሥዕላችሁ አጠገብ ለጥፉት፣ የሠዓሊውን ስም ጻፉበት። ይህን ያደረገ ተማሪ ነጥብ ሲቀነስበት አላየሁም፤ ውይይቱ ነው የሚረዝምለት። ከፈተናው በፊት ደግሞ ከስልካችሁ ወጥታችሁ አገራችሁን ንደፉ። ንግሥት እሌኒ ባሠራችው የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ላይ ድንጋይ ጠራቢዎች የፈለፈሏቸው አበቦች አሉ፤ አንዱን አበባ ብቻ አንድ ሳምንት ንደፉት። የብራና መጻሕፍትን ሐረግ ተከተሉ፣ ክሩ ከየት ገብቶ ከየት እንደሚወጣ እስኪገባችሁ። እዚያ ያለ እጅ የሚያስተምራችሁን እኛ በአራት ዓመት ላናስተምራችሁ እንችላለን።

ያ ልጅ "እየቆጠርኩ ነው" ሲለኝ ትዝ ያለኝ እናቴ ናት። ጎረቤታችን አንድ ሰፌድ ሰፍተው ነበር፤ መካከሉ ላይ ቀይና አረንጓዴ እየተፈራረቀ እንደ ፀሐይ የሚፈነጥቅ። እናቴ ለቡና ስትጠራ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ በአውራ ጣቷ ዙሩን ትቆጥራለች። ምንም አትጠይቅም። ጎረቤታችንም ያያሉ፤ ምንም አይሉም። ለሦስተኛው ቡና "ጅማሬው ላይ ነው የሚያስቸግረው፤ ስንደዶውን ቀጠን አድርጊው" አሏት። እናቴ "እሺ እትዬ" አለች። ያን ክረምት ወስፌዋን ከእጇ አልለየችም፤ ሁለት ጊዜ ሰፍታ ሁለት ጊዜ ፈታችው። ሦስተኛው ሲያልቅ ፀሐይዋ አለች፤ ከፀሐይዋ ዳር ግን ጎረቤታችን ጋ ያልነበረ፣ በጥቁር አክርማ የተሰፋ ቀጭን ዙር ነበረ፤ ብርሃኑን ሰብስቦ የያዘ።

ለመስቀል ጎረቤታችን ቤታችን መጡ። እናቴ ዳቦውን በሰፌዱ አቀረበች። እሳቸው ዳቦውን ተቀብለው ወደ ጎን አኖሩና ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አደረጉት፤ አውራ ጣታቸውን ጥቁሩ ዙር ላይ አሳርፈው ወደ ውስጥ መቁጠር ጀመሩ።