ወሬው ሲበዛ ቀልቤን የሰበሰብኩት እንዲህ ነው

የካቲት 2017 መጨረሻ ላይ ናስር በውጊያ ከታመሰች በኋላ እኛ ድንበሩ ላይ ባለችው ማታር ውስጥ ያልተጨነቀ ሰው አላየሁም። ናስር ከእኛ በወንዙ ቁልቁል፣ በደቡብ ሱዳን በኩል ናት። ሰዎች በሺዎች ሆነው ድንበሩን ወደ እኛ ተሻገሩ፤ በዚያ ላይ ኮሌራ ተጨመረ።

እኔ የያዝኩት ሥራ ስልክ መነካካት ነበር። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ እንደገና ቴሌግራም። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ይብስብኛል፤ ሲመለስ ምን እሰማ ይሆን እያልኩ ልቤ ይመታል። እህል አልወርድ አለኝ። ሌሊት አልቦኝ ስነቃ የማታር ሙቀት ነው እል ነበር፤ ግን ሙቀቱ አልነበረም።

አንድ ምሽት ጎረቤቴ «ማሌ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ገባች። እህቷ ናስር ነበረች፤ ወደዚያ ከሄደች ወዲህ ወሬዋ አልተሰማም። ስለ እህቷ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቢጫ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ የውሃ ማከሚያውን የ«ውሃ አጋር» ጠርሙስ ሰጠችኝና «ለዚህ ስንት ክዳን ይበቃል?» አለችኝ። ስልኬን አስቀምጬ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አነበብኩላት፣ ለክተን ጨመርን፣ ክዳኑን ገጥመን አናወጥነው። ከቀናት በኋላ ደረቴ ቀለል ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

«አትጨነቁ፣ ምንም አይመጣም» አልላችሁም። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች እዚሁ አካባቢያችን፣ ጂካዎና ላሬ ላይ፣ ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደዋል። ይህን ላየ አካባቢ ስጋት ቅዠት አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ሰውነታችን አደጋ ሲሰማ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል፤ የስልክ ወሬ ደግሞ የምንሸሸውም የምንታገለውም ነገር አይሰጠንም። ዝግጅቱ እላያችን ላይ ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነቱ ጭንቀት ያዘጋጀው የአምስት ጊዜ ሥልጠና አለ። ሰሜን ኡጋንዳ በራይኖ የስደተኞች መጠለያ በደቡብ ሱዳን ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ ከሦስት ወር በኋላም ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ጭንቀትን አባርሩ አይልም። እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ «ይኸው ስጋቱ መጣ» ብላችሁ በስሙ ጥሩት፣ ከዚያ ፊታችሁ ወዳለው ሥራ ተመለሱ ነው የሚለው። መጀመሪያ ላይ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። ሌሊት በባዶ እግሬ መሬት ረግጬ ስሞክረው ግን ልቤ ረጋ።

ዜና አሁን ጠዋትና ከሰዓት ብቻ ነው የማየው፤ ከመሸ አልነካም። የሰማሁት ነገር እኔን ሥራ የሚያዝ ከሆነ እሠራዋለሁ። የኮሌራ ወሬ ያዛል፦ ውሃ አክም፣ እጅ ታጠብ፣ ተቅማጥ የያዘውን ቶሎ ወደ ሕክምና አድርስ። ምንም የማያዘኝን ወሬ አልመላለስበትም፤ ለሌላም አላስተላልፍም።

እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ያላችሁ፣ ወይም የሞት ሐሳብ የሚመጣባችሁ ካላችሁ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ እባካችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ንገሯቸው።

ሌሎቻችሁ ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡና ወንዝ ማዶ ዘመድ ያለውን ጎረቤታችሁን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁት።