ከብትን በጊዜው ስለ መሸጥ
ስለ ሥጋ ከብት ገበያና ስለሚቀድሙት ሥራዎች

ክቡራን በየክልሉ፣ በየዞኑና በየወረዳው የእርሻንና የከብት ርባታን ሥራ የምትመሩ ሹማምንት፤

አገራችን በከብት ብዛት የታወቀች መሆንዋ ከናንተ የተሰወረ አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የናሙና ቈጠራ የቀንድ ከብቱ ቍጥር 70 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ ከአፍሪካ አገሮችም በዚህ የሚስተካከላት የለም። ይህ ሁሉ ከብት ሳለ ግን ከቢሾፍቱና ከሞጆ ቄራዎች ወጥቶ በአውሮፕላን ወደ ተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ከሚሄደው ሥጋ የሚበዛው የፍየልና የበግ ነው እንጂ የበሬ አይደለም። የቀንድ ከብታችን ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ይልቁንም በቁሙ ነው፤ እርሱም ካለን ብዛት ጋራ ቢመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሀብት ይመስላል።

ስለዚህ የሥጋ ከብት ገበያ በምን ሁኔታ እንደሚገኝና ሹማምንት አስቀድመው ሊይዙት የሚገባው ሥራ ምን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እንገልጻለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። ገዢ ከብትን በሦስት ነገር ይመዝነዋል፤ በጤናው፣ በክብደቱና በሚቀርብበት ጊዜ። ጤና ክትባትና ሐኪም ይጠይቃል፤ ክብደትም መኖ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ብዙ ገንዘብ የሚሹ ናቸው። ጊዜ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚሻው የሹሙን ትጋት ነው። ሆኖም ከሦስቱ አብልጦ የተዘነጋው እርሱ ነው።

የገበያው ሁኔታ

በአገር ውስጥ ሥጋ ፈላጊው ከከተሞች ዕድገት ጋራ እየበዛ ይሄዳል። ነገር ግን ገበያችን ዓመቱን ሙሉ በእኩል የሚቆም አይደለም፤ ጾምና በዓል ይመሩታል። በቅበላ ሰሞን ዋጋ ይወጣል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙው ሥጋ ቤት 55 ቀን ሙሉ ይዘጋል ወይም ሥራው ይቀንሳል፤ ለፋሲካ ደግሞ ሰንጋ ይወደዳል። በእንቍጣጣሽ፣ በመስቀልና በገናም እንዲሁ ነው። በሙስሊሙ ሕዝብ ዘንድ ዒድና ዐረፋ ታላላቅ የገበያ ጊዜያት ናቸው። ባለ ከብቱ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ዳሩ ግን ከብቱን ወደ ገበያ የሚያወጣው ገበያው በሚወድበት ቀን ሳይሆን ግብር፣ ማዳበሪያ፣ ሕመም ወይም ድርቅ ባስጨነቀው ቀን ነው። የተጨነቀ ሰው ሲሸጥ ዋጋውን የሚቈርጥለት ገዢውና ደላላው ነው።

በውጭ አገር ያለው ገበያ ከባሕሩ ማዶ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በግብጽ ነው። እነርሱ የሚፈልጉት ይልቁንም ወጣትና ያልተኰላሸ ወይፈን ነው፤ ስለዚህ የቦረና ወይፈን በአዳማና በሞጆ አካባቢ በሚገኙ ማድለቢያዎች ጥቂት ወራት ተቀልቦ በጅቡቲ በኩል ይሻገራል። በዚህ ገበያ ብርቱ ተወዳዳሪዎች አሉብን። የብራዚል የበሬ ሥጋና የህንድ የጎሽ ሥጋ በበረዶ ደርቆ በመርከብ በርካሽ ይደርሳል። እኛ በርካሽነት ልናሸንፋቸው አንችልም፤ የምንበልጣቸው በቅርብ መሆናችንና ሥጋውን ሳይደርቅ፣ ከብቱንም በቁሙ ለማድረስ በመቻላችን ነው። ቅርብ ሆኖ የሚዘገይ ግን ከሩቅ ከሚመጣው በምን ይሻላል?

ገበያው ከፈቃዳችን ውጭ በድንገት ሊዘጋ እንደሚችልም ማስታወስ ይገባል። በመስከረም 1993 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆ ትኵሳት የተባለው በሽታ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን በተነሣ ጊዜ፣ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣው ከብት ሁሉ እንዳይገባ ታገደ። ከብቱን ለዚያ ገበያ ብቻ ያሰናዳው አርብቶ አደር ምንም በደል ሳይኖርበት ዋጋው ወደቀበት። ስለዚህ ከአንድ በር በላይ እንዲኖረን ያስፈልጋል።

ደግሞም በሕጋዊው መንገድ መሸጥ ካልጠቀመ ከብቱ በኮንትሮባንድ በሞያሌ ወደ ኬንያ ወይም በምሥራቅ ወደ በርበራ ይነዳል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ በሕግ የሚልክ ነጋዴ በዶላሩ የሚያገኘው ብር ከቀድሞው በጣም ከፍ ብሏል። ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ነገር ግን በመንገድ ላይ በየኬላው ተደጋጋሚ ቀረጥ የሚጠየቅበት ሆኖ ከተገኘ፣ በአንድ በኩል የተገኘው ጥቅም በሌላ በኩል ይጠፋል።

ስለ ጤና

የከብት በሽታ ምን እንደሚያደርስ የአገራችን ታሪክ ያስተምራል። በ1880 ዓ.ም. ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋራ የደስታ በሽታ ገብቶ ከመቶው 90 ያህሉን የቀንድ ከብት እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ ታጥቶ እርሻ ስለ ተፈታ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ቈየ። ዐፄ ምኒልክም ሕዝቡን ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ ይነገራል። ይህ በሽታ መቶ ዓመት ያህል ካስጨነቀን በኋላ በ2000 ዓ.ም. አገራችን ከእርሱ ነጻ መሆንዋ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ተመሰከረላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ሁሉ እንደ ጠፋ ተነገረ። ለዚህ ከረዱት ነገሮች አንዱ፣ ሙቀት ቶሎ የማያበላሸው ክትባት ተገኝቶ በአፋር በረሓ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ከብቱ ወዳለበት እየሄዱ መክተባቸው ነው። እንግዲህ በቦታው ያለ ሰው ከተጋ የማይቻል የሚመስለው ይቻላል።

ዛሬ ገበያችንን የሚዘጋው በሽታ አፍተግር ነው። አፍተግር አዋቂ ከብት እምብዛም አይገድልም፤ ስለዚህ ባለ ከብቱ ይንቀዋል፤ ሩቅ ያለው ገዢ ግን ይህን በሽታ በሰማበት አገር ሥጋ አይገዛም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አፍተግር አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑ ነው። ባገራችን የተገኙት ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ የአንዱም ክትባት ከሌላው አያድንም። ስለዚህ በሽታው በተነሣ ጊዜ ናሙና ወስዶ በሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ምርመራ ቤት መላክ ይቅደም፤ ዓይነቱ ሳይታወቅ የሚሰጥ ክትባት ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል። የሳምባ በሽታ፣ አባ ሰንጋና አባ ጎርባም ችላ የሚባሉ አይደሉም።

ጥቂት ከብት በጤና ተጠብቆ ከብዙው እንደሚበልጥ ቦትስዋና ምስክር ናት። የከብትዋ ቍጥር ከኛ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ አገሩን በአጥር ከፋፍላ፣ የከብቱን ዝውውር በፈቃድ አድርጋና በእያንዳንዱ ከብት ላይ ምልክት አኑራ የበሬ ሥጋ ለአውሮፓ ስትሸጥ ኖራለች። እኛ ሰፊውን አገር ሁሉ በአጥር ልንከፋፍለው አንችልም፤ ነገር ግን ከማድለቢያው እስከ ወደብ ያለውን መንገድ ንጹሕ አድርገን ለመጠበቅ እንችላለን።

ስለ ክብደት

በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ግምት ከአንድ ያገራችን ከብት የሚገኘው ሥጋ በአማካይ 110 ኪሎ ያህል ነው፤ ይህም ከዓለሙ አማካይ ግማሽ ገደማ ነው። ምክንያቱ የዘሩ ክፋት አይደለም፤ የቦረና ዘር በሌላ አገር እንኳ የተመሰገነ የሥጋ ዘር ነው። ምክንያቱ በሬው ለቄራ የሚቀርበው ብዙ ዓመት አርሶ ካረጀ ወይም በበጋው ከከሳ በኋላ መሆኑ ነው።

መድኀኒቱን የሐረርጌ ገበሬ ካወቀው ቈይቷል። ወይፈን ይገዛል፤ ያርስበታል፤ ሳያረጅም በጓሮው አስሮ ከማሽላው ማሳ የሚነቀለውን ቅጠልና ከቤት የሚተርፈውን ሁሉ በእጁ እያጐረሰ ያሰባዋል። የሐረር ሰንጋ በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ የተጠራው በዚህ ነው። በሌላውም አገር ገለባ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በሚገኝበት ስፍራ ሦስት ወር ያህል መቀለብ ይቻላል። የዝናቡ ሣር በመስከረምና በጥቅምት ሳይደርቅ ታጭዶ ቢከመር ድርቆሹ ኀይል ይኖረዋል፤ እስከ ታኅሣሥ ቆሞ ከደረቀ በኋላ የሚታጨደው ግን ሆድ ከመሙላት በቀር እምብዛም አይጠቅምም። እንደ ገና ጊዜው ወሳኝ መሆኑን ተመልከቱ።

ስለ ጊዜ

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና አምስት የዝናብ ወራት ተከታትለው ስለ ቀሩ ከሚሊዮን የሚበልጥ ከብት አለቀ። በአንድ ቀን የሞተ ከብት ግን አልነበረም። አስቀድሞ ሣሩ አለቀ፤ ቀጥሎ ወተቱ ነጠፈ፤ ከዚያም ከብቱ ከሳ፤ በመጨረሻ ወደቀ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ብዙ ወራት ነበሩ። አርብቶ አደሩ ከብቱን የያዘው ባንኩም፣ ጥሎሹም፣ መድኑም እርሱ ስለ ሆነ ነው እንጂ ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ዝናብ ይመጣል እያለ ይጠብቃል፤ ሲቈርጥም ገበያው በከሳ ከብት ተሞልቶ ገዢ ይታጣል።

ከዚህ የሚሻል መንገድ እንዳለ በአገራችን ተፈትኖ ታይቷል። በ1998 ዓ.ም. በሞያሌ አካባቢ ድርቅ በገባ ጊዜ፣ በመንግሥትና በረድኤት ድርጅት አገናኝነት ሁለት ነጋዴዎች ወደ ስፍራው ወርደው 20,000 ያህል ከብት በአንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ገዙ። ለአንዱ ከብት 50 ዶላር ያህል መሆኑ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ አልነበረም፤ ነገር ግን ባለ ከብቶቹ በገንዘቡ ለቤተ ሰባቸው እህል ገዙ፣ ለቀሩት ከብቶች መኖና መድኀኒት አገኙ፣ የሚችሉትም ላሞቻቸውን በመኪና ወደ ተሻለ ግጦሽ አሻገሩ። ጥቂቱ መሸጡ ብዙውን አዳነ። ለዚህም የተደረገው ወጪ በኋላ እህል በርዳታ ከማመላለስ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም በፈታ ጊዜ የሰቡትና የከሱት ላሞች የጊዜ ምልክት እንደ ሆኑ አስረዳ፤ ምክሩም በጥጋቡ ዘመን እንዲሰናዱ ነበረ። ሹምም የሚፈለግበት ይህ ነው።

ሹማምንት ሊፈጽሙት የሚገባ

አንደኛ፤ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን የከብት መቍጠሪያ ያዘጋጅ። ዝናቡ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ከብቱ የሚሰባበትና የሚከሳበት፣ ጾሙና በዓሉ የሚውሉበት ጊዜ ባንድ ሰሌዳ ይጻፍ። ዐረፋ በያመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ሰሌዳው በያመቱ ይታረም። ለማድለብ ሦስት ወር፣ ለማቆያና ለመርከብም ሳምንታት ስለሚያስፈልጉ ለበዓል የሚሸጥ ከብት ቢያንስ ከአራት ወር አስቀድሞ ይሰናዳ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የውጭው ገዢ እንደማይጾም አይዘንጋ።

ሁለተኛ፤ በቦረናና በመሰለው አገር የመስከረም እስከ ኅዳር ዝናብ ከቀረ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነጋዴዎች እንዲጠሩ ይሁን። የማድለቢያና የቄራ ባለቤቶች ስምና አድራሻ አስቀድሞ በጽሕፈት ቤቱ ይኑር፤ በገበያው ስፍራ ውሃ፣ መጫኛና መኪና የሚገባበት መንገድ ይዘጋጅ። ሽማግሌዎችና አባ ገዳዎች ከመጀመሪያው ይመከሩ፤ ያለ እነርሱ የሚሸጥ የለም።

ሦስተኛ፤ ከብት ከስፍራው ሳይነሣ ይከተብ፤ የጤና ወረቀትም ይሰጠው።

አራተኛ፤ በየገበያው ሚዛን ይተከል፤ ሚዛን እስኪገኝ ደረቱን በሜትር ለክቶ ክብደቱን መገመት ይቻላል። የቁም እንስሳት ግብይት ዐዋጅ ቍጥር 819/2006 የወጣው ገበያው በታወቀ ስፍራና በሥርዐት እንዲሆን ነውና፣ የየሳምንቱ ዋጋ ሁሉ በሚያየው ሰሌዳ ይለጠፍ።

አምስተኛ፤ ሪፖርት ሲጻፍ የሞተው ብቻ አይቈጠር። ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ከየስፍራው የሚመጣውን ወረቀት ለሚያነብ ሰው፣ «ይህን ያህል ከብት ሞተ» የሚለው ቃል ሲደርሰው ሥራው ሁሉ ዘግይቷል፤ ሊያደርግ የሚችለው ማዘንና መመዝገብ ብቻ ነው። «ይህን ያህል ከብት በዚህ ዋጋ ተሸጠ፤ ይህን ያህል ገዢ ያስፈልገናል» የሚል ወረቀት ግን ገና በጊዜው ነው፤ መልስም ሊሰጠው ይቻላል። በያንዳንዱ ወር የተሸጠው ቍጥርና ዋጋ እንዲጻፍልን የምንለምነው ስለዚህ ነው።

ድርቅ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። በመጣ ጊዜ በሬሳ መካከል ቆሞ የሚያለቅስ ባለ ከብትና ጥቂቱን ሸጦ የቀረውን ያዳነ ባለ ከብት የሚለያዩት፣ ከሦስትና ከአራት ወር በፊት የወረዳው ሹም ባደረገው ወይም በተወው ነገር ነው።