የቢቸና ዋልካ ለምን ጠቆረ?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሄደ ሰው የአፈሩን ቀለም መለዋወጥ ልብ ይላል። ቢቸና ዙሪያ ጥቁር ዋልካ አለ፤ ሞጣ ዙሪያ ቀይ አፈርም ይታረሳል። ስለ ሁለቱ ሲወራ ግን ፍርዱ ብዙ ጊዜ በቀለም ብቻ ይሰጣል፤ ጥቁሩ ሀብታም፣ ቀዩ ድሃ ይባላል። ይህ ፍርድ ገበሬውን ስለሚጎዳ መታረም አለበት።

«ዋልካ የጠቆረው ብስባሽ ስለሞላበት ነው» ይባላል። አይደለም። በደጋው ዋልካ ውስጥ ከዕፅዋትና ከእንስሳት የመጣው ነገር ብዙውን ጊዜ ከመቶ 3 እጅ አይሞላም። ቀዩ አፈር አንዳንዴ ይበልጠዋል፤ የብረቱ ቅላት ስለሚሸፍነው ግን ለዓይን አይታይም። ታዲያ ዋልካው በዚህ ጥቂት ነገር እንዴት ጠቆረ? ነገሩ ያለው ከብዛቱ ሳይሆን ከአቀማመጡ ላይ ነው።

ከጉልበት በላይ ጠልቆ ከተቆፈረ ጉድጓድ የወጣ የዋልካ ጓል ቢፈለጥ ጎኑ ለስልሶ ያብረቀርቃል። አፈሩ በክረምት ሲያብጥ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ያለሰለሰው ነው። እንዲያብጥ የሚያደርገው ስመክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ነው። ክሪስታሉ የተሠራው ከተደራረቡ ስስ ንጣፎች ሲሆን የአንዱ ንጣፍ ውፍረት 1 ናኖሜትር ገደማ፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የአንድ ግራም ንጹሕ ስመክታይት ንጣፎች ሁሉ ቢዘረጉ ከ700 ካሬ ሜትር ያላነሰ ስፋት ይኖራቸዋል። ብስባሹ ጥቂትም ቢሆን በነዚህ ገጾችና ጠርዞች ላይ ተጣብቆ ከሸክላው ጋር ጥቁር ውህድ ይሠራል።

«ብስባሽ ከአፈር ጋር እንዲሁ የተደባለቀ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። የሸክላው ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። ከብስባሽ የሚወጡት አሲዳማ ሞለኪውሎችም አሉታዊ ስለሆኑ ከገጹ ጋር ይገፋፋሉ። የሚያስታርቃቸው ካልሲየም ነው፤ ሁለት አዎንታዊ ሙል ስላለው በአንድ ወገን ሸክላውን፣ በሌላው ወገን ሞለኪውሉን ይይዛል። አዎንታዊ ሙል ያላቸው ሞለኪውሎች ግን አስታራቂ ሳያሻቸው በንጣፎቹ መካከል ገብተው በጠፍጣፋው ይተኛሉ። ሲበዙ ሁለተኛ ድርብ ይሠራሉ፤ ረጃጅሞቹ ይበልጥ ሲጠጋጉ ጎን ለጎን ቀና ብለው ያዘነብላሉ። አሰላለፋቸውን የሚወስነው ገጹ እነሱን የሚስብበት ኃይልና እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል ሚዛን ነው። ለምሳሌ አዎንታዊውና አሉታዊው ሙል በተመጣጠነበት የገበታ ጨው ክሪስታል ላይ የገጹ መያዣ ስለሚላላ ብዙ ሞለኪውሎች እየተንሸራተቱ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ።

ይህን የሞለኪውሎች አሰላለፍ በቀጥታ ማየት ራሱ ቀላል አልነበረም። ሸክላም ጨውም ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራው፣ አተምን ለማሳየት የበቃው ማይክሮስኮፕ ደግሞ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ገጹን በሹል ጫፍ እየዳሰሰ ኃይልን የሚለካው መሣሪያ ሲመጣ ግን የማያስተላልፉ ክሪስታሎችም ተራቸው ደረሰ።

ስለ ዋልካ ከሚባለው ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው «ጥቁር አፈር ማዳበሪያ አይፈልግም» የሚለው ነው። ዋልካ በካልሲየምና በማግኒዚየም አይታማም፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን ብዙ ጊዜ ያጥሩታል። ከሸክላው ጋር የተጣበቀው ብስባሽ ረቂቅ ተሕዋስያን በቀላሉ ስለማይደርሱበት የያዘውን ናይትሮጅን ቶሎ አይለቅም። የከብቱ ፍግ ኩበት ሆኖ ሲነድ ደግሞ በገጾቹ ላይ የሚተካ አዲስ ነገር ወደ ማሳው አይመለስም። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሆናል በሚባለው በዚህ አፈር ላይ ሰፊ መደብና ቦይ አውጥቶ ውኃውን ማንጣፈፍ የሚመከረው ሥሩ እንዲተነፍስ ብቻ አይደለም። ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ የተጨመረ ዩሪያ ናይትሮጅኑ በከፊል ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል፤ ገበሬው ግን ዋጋውን ከፍሎበታል።