ከጾም በኋላ የሚጣፍጠው ጥርስን እንዳይጎዳ

የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ተፈጽመው የትንሣኤ በዓል ሲደርስ፣ በአዘዞና በጎንደር አካባቢ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ ከዶሮ ወጥና ከድፎ ዳቦ ጋር ማር፣ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ በየቤቱ ይቀርባል። ደስታው የተገባ ነው፤ ሆኖም የልጆቻችንን ጥርስ ልናስብለት ይገባል።

በጥርስ ላይ የሚለጠፈው ስስ ቆሻሻ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ከእነዚህ አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የተባለው ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣል፤ አሲዱም ጥርስን ይቦረቡራል። ማርም ቢሆን ለባክቴሪያው ያው ስኳር ነው።

የስኳር ምትክ የሆነውን ዛይሊቶልን ግን ይህ ባክቴሪያ ወደ አሲድ ሊለውጠው አይችልም። በፊንላንድ በቱርኩ ከተማ ከ1972 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ጥናት፣ በስኳር ፋንታ ዛይሊቶል የተመገቡት ሰዎች ጥርሳቸው የተቦረቦረው እጅግ ባነሰ መጠን ነበር። ይሁን እንጂ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ በጉዳዩ ላይ የተሰበሰበውን ማስረጃ በአመዛኙ ደካማ ሆኖ አግኝቶታል። ስኳር የሌለው ለስላሳ መጠጥም ቢሆን በራሱ አሲድ ጥርስን ይጎዳል።

እንግዲህ ምትኩ ባክቴሪያውን ምግብ ይነሣዋል እንጂ ቆሻሻውን አይጠርግም። የሚጠርገው የወይራ መፋቂያ፣ ወይም ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ነው። ስለዚህ ጣፋጩ ከማዕድ ጋር ይቅረብ እንጂ ቀኑን ሙሉ ከልጆች አፍ አይለይ፤ ማታም ሳይፋቁ አይተኙ።

መልካም የትንሣኤ በዓል!