እባብ ምግቡን በምን ያውቃል? ታዳኝን በታዳኝ ስለ መተካት



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ሲሰሙት ጠባብ ሊመስል ይችላል። በሰው እጅ የሚኖርን እባብ ከለመደው ታዳኝ ወደ ሌላ ታዳኝ እንዴት ማሸጋገር ይቻላል? እባብን በቤት ማሳደግ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋ ልማድ ሲሆን በአገራችን ብዙም የተለመደ አይደለም። ይሁን እንጂ ጥያቄው እንስሳት ምግባቸውን በምን ይለዩታል ወደሚለው የሥነ ባሕርይ መሠረታዊ ጉዳይ ያደርሰናል። መልሱን ያላወቀ አሳዳጊም ምግብ ከፊቱ ተቀምጦለት የሚከሳ እንስሳ ሊገጥመው ይችላል።

ለማሳያነት በሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ የሚባለውን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ እንውሰድ። ሲፈራ ጭንቅላቱን መካከል አድርጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቦል ፓይተን ይሉታል። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ወደ ውጭ ተልኮ ይሸጣል። በዱር ሳለ ጀርቢልንና ማስቶሚስ የተባለውን ባለ ብዙ ጡት አይጥ የመሳሰሉትን ያድናል፤ ወፍም ይበላል። ማስቶሚስ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የዚህ ወገን አይጦች በኢትዮጵያ የእህል ማሳዎች ላይ ጉዳት በማድረስ ይታወቃሉ። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የተደረገ ጥናት ደግሞ የዚህ ዘንዶ ወንዶች ወፎችን፣ ሴቶቹ አጥቢ እንስሳትን አዘውትረው እንደሚመገቡ አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ሁሉም የሚያውቀው ምግብ አንድ አይደለም።

ይህ ዘንዶ ወደ ገዢው ቤት ሲገባ የሚቀርብለት በአብዛኛው የቤተ ሙከራ ነጭ አይጥ ነው። ለሳምንታት ሳይነካው ሲቀር አሳዳጊው «ግትር ነው» ወይም «ምግብ ያማርጣል» ይላል። የእኔ መከራከሪያ ከዚህ የተለየ ነው፤ ብዙ ጊዜ እባቡ የቀረበለትን ነገር ምግብ መሆኑን አላወቀውም።

እባብ ምላሱን ሲያወጣና ሲመልስ በአየር ውስጥና በነገሮች ገጽ ላይ ያሉ ኬሚካሎችን እየሰበሰበ፣ በላንቃው ላይ ለሚገኘው የያኮብሰን አካል ያቀብላል። አካሉም የታዳኙን ማንነት ከሽታው ይለያል። ዘንዶዎች ከዚህ በተጨማሪ በከንፈሮቻቸው ዙሪያ ሙቀት የሚለዩ ጉድጓዶች አሏቸው። እንቅስቃሴም ሌላ ምልክት ነው። ሽታ፣ ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲስማሙ እባቡ ይነድፋል፤ ሲቃረኑ ሊያመነታ ይችላል።

ሽታን መለየት በከፊል በውርስ የሚገኝ ነው። በ1960ዎቹ ጎርደን ቡርካርት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ምግብ ቀምሰው ለማያውቁ አዲስ የተወለዱ የጋርተር እባቦች በልዩ ልዩ ታዳኞች ሽታ የተነከረ ጥጥ አቀረቡ። እባቦቹ ለዝርያቸው ምግብ በሆነው እንስሳ ሽታ ምላሳቸውን አብዝተው ከማውጣት አልፈው ጥጡን ነከሱት። በ1970ዎቹ ደግሞ ስቲቫን አርኖልድ በካሊፎርኒያ የሚገኙ የአንድ ዝርያ እባቦችን አነጻጸሩ። ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ ከሚበዛበት የባሕር ዳርቻ የመጡ እናቶች ግልገሎች ቀንድ አውጣውን ሲበሉ፣ እሱ ከማይገኝበት የመሐል አገር የመጡት ግልገሎች አብዛኞቹ አልነኩትም። በሌላ በኩል የመጀመሪያዎቹ ምግቦች የእባቡን ምርጫ ሊለውጡ እንደሚችሉም ሙከራዎች አሳይተዋል። እንግዲህ ውርስ መነሻውን ይሰጣል፤ ልምድም ያሻሽለዋል። ማሸጋገር የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማሸጋገሩ የሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች አሉ። በሕይወት ያለ አይጥ ካልራበው እባብ ጋር ከተተወ እባቡን ነክሶ ክፉኛ ሊያቆስለው ይችላል። ቀድሞ ተገድሎ የቀዘቀዘ ምግብ ይህን አደጋ ያስቀራል፤ ለማከማቸትም ይመቻል። እባቡ ሲያድግ ደግሞ ከትንሽ አይጥ ወደ ትልቅ አይጠ መጎጥ መሻገር ይኖርበታል።

የአሠራሩ ሕግ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሕያው ማስቶሚስ የለመደ ዘንዶ በአንድ ቀን የቀዘቀዘ ነጭ አይጥ ሲቀርብለት ሽታው፣ ሙቀቱና እንቅስቃሴው ሁሉ በአንድነት ይለወጡበታል። ስለዚህ በመጀመሪያ የለመደው ዝርያ ተገድሎ ትኩስ እንዳለ ይቅረብለት። ይህን ሲቀበል ያው ዝርያ ከቀዘቀዘ በኋላ ይቅረብ፤ በማቀዝቀዣው የታችኛው ክፍል አድሮ ይሟሟ፣ ከዚያም በሙቅ ውኃ ሞቆ ይድረቅ። በማይክሮዌቭ ማሞቅ ሥጋውን ሳይመጣጠን ስለሚያበስለው አይመከርም። በረጅም ጉጠት በቀስታ ማንቀሳቀስ የጎደለውን የእንቅስቃሴ ምልክት ይተካል። የመጨረሻው ደረጃ የዝርያ ለውጥ ነው። አዲሱ አይጥ በአሮጌው ታዳኝ ገላ ወይም ጉዝጓዝ ይታሻል፤ እባቡ ከተቀበለው በኋላ ሽታው በየጊዜው እየተቀነሰ በመጨረሻ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መኖሪያው ይፈተሽ። ሙቀት ያነሰው ወይም መደበቂያ ያጣ ዘንዶ የለመደውን ምግብም አይበላም። ከእምቢታ በኋላ በየቀኑ ደጋግሞ ማቅረብ ጭንቀትን ይጨምራል፤ አንድ ሳምንት ያህል መታገሥ ይሻላል። የቀዘቀዘ አይጥ የሳልሞኔላ ባክቴሪያን ሊይዝ ስለሚችል ነክቶ እጅን መታጠብ ግዴታ ነው።

ትዕግሥትም ወሰን አለው። ጤነኛና ጎልማሳ ዘንዶ ለወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል፤ ግልገል ግን ያን ያህል ስንቅ የለውም። ሁለቱን የሚለየው የአሳዳጊው ግምት ሳይሆን ሚዛን ነው። ክብደቱ በየጊዜው ተመዝግቦ ካልቀነሰ መጠበቅ ይቻላል። ያለማቋረጥ ከቀነሰ፣ በተለይም ከ10 በመቶ በላይ ከጎደለ፣ የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ምግብን በኃይል ወደ ጉሮሮው ማስገባት አካሉን ሊጎዳ ስለሚችል ለባለሙያ የሚተው ነው።

በዱር ያለ እባብ የማያውቀውን ትቶ የሚያውቀውን ፍለጋ ይሄዳል። በሣጥን ያለው ግን ከቀረበለት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ እምቢ ሲል አስቀድመን ልንመረምር የሚገባን የእንስሳውን ጠባይ ሳይሆን ያቀረብንለትን ምልክት ነው።