አድማስ የት ይሰቀል?

ድሮ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳ ሰው ከጀርባው ይሰቀል የነበረውን ሥዕል ያስታውሳል፦ ፏፏቴ፣ ዘንባባ፣ አንዳንዴም አውሮፕላን። ሥዕሉ ቢያምርም ማንንም አታሎ አያውቅም። ጥፋቱን ቀለሙ ላይ ብቻ መጣል ግን ልክ አይመስለኝም፤ አድማሱም ከቦታው የለም። ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች ከሐዲዱ ኋላ ሥዕል የተቀባ ሰሌዳ ሲያቆሙ የሚገጥማቸው ፈተና ይኸው ነው። ሰሌዳው ምን ያህል ይርዘም? ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመርስ የቱ ጋ ይሁን?

ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ በአገራችን እምብዛም አልተለመደም፤ ለሞዴል የሚሆን መልክዓ ምድር ግን ሞልቶናል። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ የሸዋን ቆላ ይዞ ሲያልፍ፣ በስተምዕራቡ የአንኮበርና የጣርማ በር ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ። ይህን በጠረጴዛ ላይ ልሥራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቁጥር ተስፋ ያስቆርጣል። ብዙዎች በሚጠቀሙበት 1 ለ 87 ልኬት፣ ከሜዳው በ1,600 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ከ18 ሜትር በላይ ሊቆም ነው። የትኛውም ሳሎን አይችለውም። ተራራው አይገነባም፤ ይሣላል እንጂ።

ለሥዕሉ መለኪያ የሚሆነንን ትምህርት አንኮበር ራሷ ትሰጣለች። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,465 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእሷ ጫፍ ቆሞ ወደ አፋር ሜዳ የሚያይ ሰው፣ አድማሱ ከእግሩ በታች አዘቅት ውስጥ የወረደ ይመስለዋል። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። ከሜዳው በላይ ያለንን ከፍታ በሜትር ወስደን ካሬ ሩቱን በ3.57 ብናባዛ የአድማሱን ርቀት በኪሎ ሜትር እናገኛለን። ከፍታው 1,600 ሜትር ከሆነ ውጤቱ 143 ኪሎ ሜትር ነው፤ አየሩ ከጠራና ተራራ ካላገደ ማለት ነው። አድማሱ ከዓይናችን ትክክል ዝቅ የሚለውስ? ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ክንድን ዘርግቶ አውራ ጣትን ማቆም ነው፤ የጣቱ ስፋት ወደ ሁለት ዲግሪ ይሸፍናል። ያ ሁሉ ገደል አድማሱን የአንድ ጣት ያህል እንኳ ዝቅ አላደረገውም! ምክንያቱም የመሬት ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ አንጻር የአንኮበር ከፍታ እዚህ ግባ አይባልም።

ስለዚህ አድማስ ቁጭ ስንል አብሮን ዝቅ፣ ስንነሳ አብሮን ከፍ ይላል። ሰሌዳ ላይ የተሣለው ግን ባለበት ይቀራል። የሰሌዳው ቁመት ከተመልካቹ ዓይን ተነስቶ የሚለካውም ለዚህ ነው። የቆመ ሰው ዓይን ከወለል 1.60 ሜትር፣ ጠረጴዛው 1.20 ሜትር ቢሆን፣ አድማሱ ከጠረጴዛው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሠመራል። በሞዴሉ ልኬት ይህ 35 ሜትር ያህል ነው፤ ተመልካቹ ባቡሩን ከአሥረኛ ፎቅ እንደሚያይ ሰው ሆነ ማለት ነው። እነዚያን 40 ሳንቲ ሜትሮች በተሣለ ሜዳ መሙላት ደግሞ ከባድ ነው። ጠረጴዛውን ወደ 1.40 ማሳደግ የሚሞላውን ቦታ በግማሽ ይቀንሳል፤ እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ወዴት እንይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ከካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሃን ማርቲን በርናትስ፣ በ1852 ያሳተመውን የሥዕል መጽሐፍ ለሁለት ከፍሎታል፤ አንዱ የአፋር ቆላ፣ ሌላው የሸዋ ደጋ። ሞዴል ሠሪም እንዲሁ መምረጥ አለበት። ወደ ምሥራቅ ካየ አድማሱ ራቁቱን ነው፤ ስሕተት አይሸሸግም። ወደ ምዕራብ ካየ ተራራው መስመሩን ይጋርድለታል።

ተራራው ግን ሰው ከሚገምተው በላይ አጭር ነው። 1,600 ሜትር ከፍታ ከ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ፣ ከተመልካቹ አንድ ሜትር በራቀ ሰሌዳ ላይ ከአድማሱ በላይ 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴኒስ ፕሮፊትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ 5 ዲግሪ የሆነን ዳገት ሰዎች ወደ 20 ዲግሪ ሲገምቱት ተገኝቷል። ትዝታችንም ተራራን ሳያስረዝም የሚቀር አይመስለኝም። እኔ 12 ሳንቲ ሜትር አድርጌ እሥለው ነበር፤ 40 ካደረጉት ግን ወደ ፎቶ ቤቱ ሥዕል መመለስ ነው።

ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ነው። የተመልካች ዓይን ወደ ላይ 30 ዲግሪ ያህል ይቃኛል ብንል፣ ለዚያው የአንድ ሜትር ርቀት ከአድማሱ በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጠረጴዛው ሰፍቶ ሰሌዳው ሲርቅ ቁመቱም አብሮ ማደግ አለበት። ማዕዘን ላይ ስስ ኮምፔንሳቶ ለጠጥ አድርጎ ማጠፍ ይሻላል፤ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ጥላ ሰማዩን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ቀለሙንም ከደብረ ብርሃን ሰማይ መቅዳት አያዋጣም። በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ስለሆነ ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። የቆላው ሰማይ ግን፣ በተለይ ወደ አድማሱ ሲጠጋ፣ አቧራና ወፍራም አየር ስላለበት ነጣ ይላል።

ልጆች ካሉ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ጠንካራ መርገጫ ይቀመጥ። የስምንት ዓመት ልጅ ዓይን ከወለል 1.15 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መርገጫ ባቡሩንም ያሳየዋል፣ አድማሱንም ከዓይኑ ትክክል ያደርግለታል።